ጎርፍ ወሰደው የተባለው ማሳ

አስማረ ሳይጠራ በማለዳ መምጣቱ ወለላን አላስደሰታትም። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ማሳዋን በእኩል ያርስላታል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ጠዳ ገበያም በዱላ ይመራታል። ግን ሦስቴ ካልተላከበት መጥቶ አያውቅም። ዛሬ የመሬት ልኬታ ነው፤ ዛሬ ዶሮ ሳይወርድ መጣ።

«ተነሽ እንጂ! የመሬት ቢሮው ልጅ ታች ማሳ ደርሷል። አዋሳኝሽ አያ ይበልጣልም ቆሞ ይጠብቃል።»

«መጣሁ፣ አያ።»

ከግድግዳው ላይ የተጣጠፈውን ነጭ በትር አወረደችና ለቀቀችው። ቀጭ ቀጭ ብሎ ተዘረጋ። ጎንደር ቀሐ አጠገብ ከአክስቷ ልጅ ቤት አርፋ ሦስት ሳምንት በሱ መሄድ ስትማር ከርማለች።

አስማረ ሳቀ። «ይቺን ሸምበቆ ነው የምትይዥ? ውሻ እንኳ አትመልስም።»

«ውሻ ልመታባት አይደለም።»

ከግቢው እንደወጡ የበትሩን ጫፍ ያዘና ጎተተ። በዚያ አገር ዓይነ ስውር የሚመራው እንዲህ ነው፦ የዱላውን አንድ ጫፍ ዓይነ ስውሩ ይይዛል፣ ሌላውን መሪው ይይዛል፤ መሪው ወደዞረበት ይዞራል። ነውር የለበትም፣ ደግነት ነው። አሰልጣኟ ሕሊና ግን አንድ ሽማግሌ አስፋልት ሊያሻግሯት ጫፉን ሲይዙ ጮኻባት ነበር። «ጫፉን ለሰው አትስጪ! ጫፉ ዓይንሽ ነው። በዓይኑ የሚጎተት ሰው የት አለ?»

«ልቀቀው፣ አያ» አለች ወለላ።

«ምነው? ልምራሽ እንጂ።»

«ከፊቴ ሂድልኝ። ኮቴህን እሰማለሁ።»

ለቀቀው። ኮቴው ከፊቷ ቁልቁል ሄደ። 

በአስፋልት የተማረችው ዘዴ እዚህ ብዙም ሸጋ አልሆነላትም። ጫፉ ሣር ውስጥ ይቀረቀራል፣ ጓል ይመልሰዋል። እሷም አጠር አድርጋ ያዘችውና ቀኝ እግሯ ሲራመድ በትሩን ወደ ግራ፣ ግራው ሲራመድ ወደ ቀኝ እየላከች ቁልቁል ወረደች። ድንጋይ ሲሆን ይጮኻል፣ የታረሰ ሲሆን ድምፁ ይሰምጣል። ማሳዋ መድረሷን ሳይነግራት አወቀች።

ጥቂት እንደሄዱ አስማረ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደ ግራ ታጠፊ። ገደሉ እዚህ ነው።»

ይህን ቃል አምስት ዓመት ሰምታዋለች። ባሏ በሞተበት ክረምት ጎርፍ የታች ማሳን ግማሽ ወሰደው ያላት እሱ ነው። እዚህ በደረሱ ቁጥር ዱላውን ወደ ግራ ያዞረዋል፣ እሷም ትዞራለች። የባሕር ዛፍ ሽታ ሲመጣባት «የአያ ይበልጣል ነው፣ ከገደሉ ማዶ» ይላታል። በአፏ እሺ አለች እንጂ ሆዷ አልተቀበለውም። ከዚያ ገደል በሐምሌ እንኳ የውሃ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

በትሩን ወደፊት ላከችው። መሬት ነካ። አንድ እርምጃ ተራመደች፤ አሁንም መሬት ነው።

«ትወድቂያለሽ!» አለና ክንዷን ጨበጠ። አሁንም በሹክሹክታ ነው። ሰው ገደል ሊገባበት ነው የሚል ሰው ይጮኻል እንጂ ያንሾካሹካል?

ክንዷን አስለቀቀችና ሌላ ተራመደች። በትሩ ቀጥ ያለ ነገር መታ። በእጇ ዳሰሰችው፤ ልጡ የተላጠ፣ ልሙጥ ግንድ። ሁለት እርምጃ ቀጠለች፣ ሌላ ግንድ። ሁለት እርምጃ፣ ሌላ ግንድ። ሰባተኛው ላይ ቆመች።

«አያ፣ ጎርፍ ዛፍ ይነቅላል ሲባል ነበር የምሰማው። በመስመርም ይተክላል እንዴ?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«የምን ጎርፍ?» አለ ከወዲያ ለልኬታ የመጣው የመሬት ቢሮው ልጅ ደመቀ። «እዚህ ጎርፍ የለም። አቶ አስማረ ዛፉ የኔ ነው ብለውኝ ልጽፍ ነበር።»

«ገደሉ የት አለ ታዲያ?»

«የምን ገደል?»

ወለላ መልስ አልጠበቀችም። በመስመሮቹ መካከል እየፈተሸች ወረደች፤ በትሩ ዳር ላይ ከቆሙ ድንጋዮች ተላተመ። «አያ ይበልጣል፣ ይህ ያንተና የኔ ወሰን አይደለም?»

 «ነው» አለ ሽማግሌው። «እኛማ ፈቅደሽ የሰጠሽው መስሎን…»

መስሏቸው ይሁን አይሁን አላወቀችም። አልጠየቀችም።

«ጦም ከሚያድር ብዬ ነው የተከልሁት!» አለ አስማረ፤ አሁን ጮኸ። «ለማን መሰለሽ? ለአንቺው ነው!»

«ለኔ ከሆነ ምነው ገደል አልኸኝ?»

 ደመቀ ሜትሩን እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ዘረጋ፣ ጻፈ፣ አነበበላት፣ የጣት ቀለሙንም አቀረበ። «ይፈርሙልኝ፣ እናቴ።»

«መጀመሪያ ወረቀቱን ለአያ አስማረ ስጠው። ድቁና ተምሯል፣ እሱ ያንብበው።»

«አነበብሁልዎ እኮ! አላመኑኝም?»

«አንተ ነገ ትሄዳለህ። ከኔ ጋር የሚቀረው እሱ ነው።»

ወረቀቱ ሲቀባበል ሰማች። አስማረ አጉተመተመ፦ «ወለላ ምንይችል… በምሥራቅ አስማረ… በምዕራብ…»

«አልሰማሁም፣ አያ። አያ ይበልጣልም አልሰማ።»

ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።