ሦስት ቢያጆ ጠጠር

"እዚህ ላይ አቁም!" አለ ይገረም።

ጠጠር የሚለብሰውን መሬት ለመለካት ሜትሩን እየጎተተ ወደ ገበያ ግቢው በር ይወርድ የነበረው ደላላው ደምመላሽ ቆመ። የቆመው የሰኪና በርበሬ ቤት ብቻ ሲቀር ነው።

ሰኪና ወንፊቷን አስቀምጣ ወጣች። "ጋሼ ይገረም፣ የኔ ቀረ እኮ!"

"ያንቺ ጋ ጉድጓድ ነው፤ ጠጠር ይበላል።" ይገረም የግቢው ነጋዴዎች ሰብሳቢ ነው፤ ሱቁም ከላይ፣ ከደረቁ ጫፍ። "ሰው ሲረግጠው፣ ጋሪ ሲሄድበት እየተንከባለለ ወደ አንቺ ይወርዳል።"

"የሚወርደው ውሃው ነው! የናንተን አንድ ስንዝር ከፍ ካደረጋችሁት ክረምቱን ሙሉ እኔ ቤት ነው የሚተኛው። አምና ምንም ከፍ ሳይል እንኳ በርበሬዬ ሻገተ። ዘንድሮም ከሻገተ ሱቁን መልቀቄ ነው።" ወደ ደምመላሽ ዞረች። "አንተ ንገራቸው፤ ስንት ይፈጃል?"

ደምመላሽ አንገቱን አከከ። "እስከዚህ ሦስት ቢያጆ ሲኖትራክ። እስከ በሩ ከሆነ ግን... እትዬ፣ የእርስዎ ጋ ጭቃው ተዝቆ መሞላት አለበት። አምስት።"

"ለአንድ ሱቅ ሁለት መኪና?" ይገረም ሳቀ። "ወርቅ ነው እንዴ የምትሸጪው? በሉ፣ ድምፅ እንስጥ፤ ሦስት ይበቃል የሚል!"

የተሰበሰቡት ነጋዴዎች እጆች ተነሱ። ባሏ የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከሉላት፣ በረመዳን ሳምቡሳዋን የተቀበሉ እጆች ናቸው። ካነሱት አንዱም ዓይኗን አላየም። አብሮ መኖር የሚሉት እንግዲህ ይሄ ነው፤ የሞተውን እያለቀሰ ይሸኛል፣ በቁሟ ያለችውን ግን ለጎርፍ ይሰጣል። እጇን ያላነሳችው ከይገረም ቀጥሎ ጨርቅ የምትሸጠው ናኢማ ብቻ ነበረች።

በማግሥቱ ጠጠሩ ጎህ ሲቀድ መጣ፤ ትልልቅ መኪና ቀን ከተማ አይገባም። ይገረም ገና አልደረሰም። ሰኪና ግን በርበሬዋን ከወለሉ ከፍ ለማድረግ ማልዳ መጥታ ነበር። ሲኖትራኩ እየጮኸ በኋላው ገብቶ በሯ ፊት ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እናቴ፣ የት ልገልብጠው?"

ሰኪና ሽቅብ ወደ ሱቆቹ አየች። አንዴ የተገለበጠውን ወደ ላይ የሚያጓጉዝ የለም፤ የቀን ሠራተኞቹ የተዋዋሉት ባለበት ለመበተን ብቻ ነው። እዚህ ከተራገፈ የሚጎድለው ላይኛው ጫፍ ነው፤ የይገረም በር ላይ። የናኢማም በር ላይ።

"ኧረ ቶሎ በሉኝ፣ ከኋላዬ ሌላም አለ!"

"እዚህ" አለች ሰኪና፣ እግሯ ሥር እያሳየችው። "ያንንም እዚሁ።"