ቀድሞ የሚመጣ እሳት

ነገሪ የሞተሩን እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር፣ ማሰሪያ ብሎኑን አላልቶ በሁለት ጣቱ ያዘውና፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጥቂቱ ወደ ግራ አዞረው። ናዝሬት ውስጥ የሰይቼንቶ ፊያት መኪናን እሳት በጆሮው ብቻ የሚያስተካክል እሱ ነበር፤ ሞተሩ እሳት ቀድሞበት ሲያንኳኳና ዘግይቶበት ሲደክም በድምፁ ይለያል። ያ ግን ወደ ኦጋዴን ከመዝመቱ በፊት ነው። ከመድፎቹ ጎን የጦር መኪና ሲጠግን ከርሞ ከተመለሰ ወዲህ፣ ዓይኑን የሚጨፍነው ለወጉ ያህል ነው።

"በቃ፣ እንደ ሰዓት ሆናለች። ውሰዳት!" አለ ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን እየዘጋ።

የመኪናዋ ባለቤት ጂብሪል ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። በዚህች አሮጌ ፊያት ከናዝሬት ወንጂ ሰው እያመላለሰ ነው ልጆቹን የሚያሳድገው። በዚህ ሳምንት እንኳን ስንቴ መልሶ አመጣት። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ነገሪ ምንም አልሰማም። "ምን ታጉተመትማለህ? መንዳት ያቃተው ሁሉ በመካኒክ ያላክካል! ላንተ የሚሻልህ ጋሪ ነበር!"

ጂብሪል ጦፈ። "ታንኳኳለች እኮ ነው የምልዎት፣ ጋሽ ነገሪ! ወላሂ፣ ከወንጂ ስመለስ ዳገቱ ላይ ጣሳ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ትንቀጫቀጫለች!"

አሁን ሰማ። ከዘመቻ መልስ የተማረው ብልሃት ይኸው ነው፤ የተሰደበ ሰው ይጮኻል፣ የጮኸ ሰው ይሰማል። በዚህ ብልሃት ከግማሽ ደንበኞቹ ጋር ተጣልቷል።

"ቤንዚኑ ነው! በኩፖን የሚቀዱልህ ቤንዚን መሰለህ? ግማሹ ላምባ ነው!"

"ባለፈው ካንዴላው ነው አሉኝ፤ ዛሬ ቤንዚኑ ሆነ። ነገ ደግሞ አስፋልቱ ነው ይሉኛል!" ጂብሪል ጣቱን ወደ ነገሪ ፊት ቀሰረ። "ፒስተኑ ሲቃጠል ልጆቼን አንተ ታበላለህ? አንተ ሰውዬ፣ ጆሮ የለህም እንዴ?"

ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" መውረዱ ሌላ ቀን ቢሆን ያናንቃቸው ነበር። ነገሪን ያቃጠለው ግን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መፍቻውን እንደ ዱላ ጨበጠ።

ሚስቱ ውዴ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ መጥታ መሃላቸው ገባች። አልጮኸችም። የባሏን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችና፣ ከንፈሯን እንዲያይ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣ "እኔንም ስትሰድበኝ የከረምከው ለዚህ ነው?" አለችው።

ነገሪ አፈረ፤ ማፈሩ ደግሞ መልሶ አናደደው። በመድፉ ተናደደ። ጀግና ብለው አጨብጭበው በሸኙት፣ ሲመለስ ግን ጆሮህ ደህና ነው ወይ ብለው ባልጠየቁት ሁሉ ተናደደ። ከሁሉም በላይ በእሷ፣ በማወቋ ተናደደ።

"ሌላ ጋ ነው የምወስዳት!" ጂብሪል የመኪናዋን በር ከፈተ። "መናኸሪያ ላለው ሹፌር ሁሉ ነው የምናገረው፤ ሰውዬው አይሰማም እላለሁ!"

ይህ ከተወራ ጋራዡ አበቃለት። ነገሪ መፍቻውን የጨበጠ እጁን ላላ አደረገ።

"ቁም!" ክዳኑን በኃይል መልሶ ከፈተው። "ግባና አስነሳት! ቤንዚን ስጣት!" ወደ ሚስቱም በዚያው ቁጣ ዞረ። "አንቺስ ምን ይገትርሻል? ነይ ስሚልኝ እንጂ! ጆሮዬ ሞቷል! ይኸው፣ እሱም ይስማ! ስታንኳኳ ትከሻዬን ቆንጥጪኝ።"

"እቆነጥጥሃለሁ" አለች ውዴ እየቀረበች፤ "የስድቡንም ጨምሬ ነው።"

ጂብሪል የቤንዚን ፔዳሉን ረገጠ። ጥፍሯ ትከሻው ላይ ተሰካ። ነገሪ ብሎኑን አላልቶ ዲስትሪቢውተሩን የፀጉር ያህል መለሰው። አሁንም ቆነጠጠችው፤ ቀለል አድርጋ። ዳግም መለሰው። ጂብሪል ደጋግሞ ረገጠ፤ እጇ ግን ትከሻው ላይ ተዘርግቶ ዝም አለ።

"እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ጮኸባት። እጇ አልተንቀሳቀሰም። ብሎኑን አጠበቀ።

ጂብሪል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። መሬት መሬቱን እያየ አንድ ነገር አለ። ነገሪ አልሰማውም። ሰው ለማስጮህ የለመደው ስድብ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ፤ ዋጠው። መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ከደነው።