ዝምተኛው ይቆይ

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እዚህ ኮቶኑ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብላ የምታርፍ እናት ካለች እኔ አላውቃትም። የሬዲዮ ፕሮግራሜም የሚተላለፈው ልክ በዚያች ሰዓት ነው። «አምስት ደቂቃ ለእናት» ይባላል። በአንድ እጇ ልጅ እያለበሰች፣ በሌላው ገንፎ እያማሰለች፣ ባሏን «ካልሲህ እዚያው ዐይንህ ሥር ነው!» እያለች የምትጮኸዋ ሴት ናት የእኔ አድማጭ።

ምክሬ ቀላል ነው። ሎሚ ጨምቀሽ ስትጨርሺ ልጣጩን አትጣይው፣ ክርንሽን እሺበት። ኩልሽን ውሃው እስኪፈላ ተኳዪ። ፀጉርሽ ካልተሠራ ሻሽ እሰሪ፤ ሻሿን አሳምራ ያሰረችን ሴት ማንም «ለምን አልተሠራሽም?» አይላትም፣ «ወዴት ልትሄጂ ነው?» ነው የሚላት። በዚህ በዚህ ሰዉ ወደደኝ፤ «ታታ» ይለኛል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔም አፌ አያርፍም፤ ቀልድ ከመጣልኝ እናቴንም አልምርም።

ስሜ ዶሲ ነው። ይህ ስም እኛ ዘንድ ለጌጥ አይወጣም፤ ከመንታ ቀጥላ ለተወለደች ሴት ብቻ ነው። ከመንታ ኋላ የመጣ ልጅ መንታን ይገዛል ይባላል። ቢቆጣቸው ይሰሙታል፣ እሱ የፈቀደው ይፈቀዳል። እኔ ግን በዚህ ሥልጣን ከወንድሞቼ እጅ ሙዝ ከመንጠቅ በቀር ምንም አልሠራሁበትም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስስቅበት ኖርኩ።

በዝናቡ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ሴት ደወለች።

«ታታ ዶሲ፣ እንደምን አደሩ? ሁዌፋ እባላለሁ። የመንታ እናት ነኝ።»

«እሰይ የመንታ እናት! ወገብሽ እንዴት ነው?»

«ወገቤስ ደህና ነው ታታ። የጠፋብኝ ፊቴ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደብ አካባቢ ቢሮ መግባት አለብኝ። ሁለቱን ሳጥብ፣ ሁለቱን ስቀባ፣ ሁለቱን ሳበላ፣ መስታወት ሳላይ እወጣለሁ። ትናንት አለቃዬ ‹አሞሻል እንዴ?› አለኝ።»

«የራሱን ፊት መቼ አይቶ ነው! ስንት ዓመታቸው ነው?»

«አራት። ዚንሱና ሳግቦ። ሳግቦ ነፍሴን ሊያወጣት ነው። ግራኝ ነው፤ ማንኪያውን በግራ ይዞ ያገኘውን ሁሉ ይደፋል፣ ይጮኻል፣ ይሮጣል። በየቀኑ በእሱ ስቆጣ ነው የማረፍደው። ዚንሱ ግን ዝምተኛ ነው። ካስቀመጥኩት አይነሳም። አያለቅስም።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ የኔ እመቤት! የሚጮኸውን አጥበሽ ልቀቂው። ዝምተኛው ይቆይ! እሁድ ታጥቢዋለሽ፤ ልጅ እንደሆነ አይበላሽ።»

በጣም ቀስ ብላ «ይቻላል ታታ?» አለች።

«እኔ ዶሲ ፈቅጄልሻለሁ!» ብዬ ሳቅሁ። «በተረፈሽ ጊዜ ፊትሽን ታጠቢ፣ የሺያ ፍሬ ቅቤ ተቀቢ፣ ቀይ ሊፒስቲክ አድርጊና አለቃሽ ያን ጊዜ ምን እንደሚል እናያለን።»

ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ የድምፅ ባለሙያው ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። እዚህ አገር የመንታ እናት አንዱን ልጅ «ዝምተኛ ነው» ስትል፣ ማንኛዋም አሮጊት የምትጠይቀው ጥያቄ አለ። እኔ ግን ደቂቃዬ አልቆብኝ ነበር፤ ማስታወቂያው ይጠብቃል።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሬዲዮው ሌላ የምተዳደርበትን የፀጉር ቤቴን በር ገና እንደከፈትኩ አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ገባች። ወይ ቁንጅና! ቆዳዋ ያበራል፣ ኩሏ ልክ ነው፣ ጥፍሯ ተሠርቷል፣ አበባማ ሽርጧ ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል። «ሁዌፋ ነኝ፤ በሬዲዮ የመከሩኝ» ስትለኝ በራሴ ኮራሁ። ይቺን የሠራኋት እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

«ይሄ ጌታስ የትኛው ነው?»

«ሳግቦ።»

«ያ አስቸጋሪው?»

«አሁን አያስቸግርም» አለች። ፈገግ አላለችም።

ልጁን ያስቀመጠችው ወንበር ላይ ነው። ባስቀመጠችው አኳኋን ቀረ። እግሩን አያወዛውዝም፣ መስታወት አያይም፣ ማበጠሪያዬን አይነካም። የሰው ልጅ አራት ዓመቱ ላይ እንዲህ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ሹሩባዋን ጀመርኩላት፤ ግማሽ ራሷን እስክጨርስ ድረስ ልጁ አንዴ እንኳ አላዛጋም።

«ምነው ቆዳው እንዲህ ነጣ?» አልኳት። «አንቺ እንዲህ አምረሽ ልጁን እንዲህ ታደርቂዋለሽ? ና የኔ ጌታ፣ ቅባት ልቀባህ።»

አልመጣም፤ ሄድኩለት። ከቆርቆሮው የሺያ ቅቤ ዝቄ ክንዱ ላይ አሸሁት። ወዲያው ጠፋ። ደግሜ ዛቅሁ፤ እሱም ጠፋ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ግማሽ ቆርቆሮ ቅቤ ጠጥቶ ክንዱ ያው ደረቅ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከክርኑ እስከ አንጓው ድረስ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች ወርደውበታል። ችፌ አይደለም፣ ጭረትም አይደለም። ፀሐይ የመታው ጣውላ ላይ የሚወጣው ዓይነት ነው።

ብስኩት ላስይዘው ግራ እጁን አነሳሁት። አልያዘም፤ ስለቀው እጁ ወርዶ የወንበሩን መደገፊያ መታ።

ቋ አለ።

አምባር አላደረገም። እጁ ባዶ ነው።

«ሁዌፋ» አልኩ። «ወንድሙስ የት አለ?»

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «ዚንሱማ እንጨት ሊለቅም ሄዷል።»

መንታ እኛ ዘንድ አይሞትም። ‹ሞተ› የሚባል ቃል በመንታ ላይ አይነገርም፤ እንጨት ሊለቅም ጫካ ሄደ ነው የሚባለው። እስኪመለስ ድረስ ጠራቢ አንድ ስንዝር በምታክል እንጨት ይቀርጸዋል። እናት ሽርጧ ውስጥ ሽጉጥ አድርጋ ይዛው ትዞራለች። ወንድሙ ሲታጠብ ይታጠባል፣ ሲቀባ ይቀባል፣ ሲበላ ሳህን ይቀርብለታል። አንዱን ይዞ አንዱን መተው የለም፤ የተተወው ወንድሙን ይጠራዋልና።

ለካ በሬዲዮ «ዝምተኛ» ያለችኝ እንጨቱን ኖሯል! ወገቧን አየሁ። ሽርጡ ልክክ ብሎ ታጥፏል፤ የተሸጎጠ ነገር የለበትም።

«የት አደረግሽው?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ቁም ሣጥን! አብደሻል?»

«እርስዎ አይደሉ ዝምተኛው ይቆይ ያሉት?»

«እሁድ እጠቢው ብዬሻለሁ እኮ!»

«በመጀመሪያው እሁድ አጠብኩት። በሁለተኛው ጥፍሬን ልሠራ ሄድኩ። በሦስተኛው…» ያ የሚያምር ኩል ጉንጯ ላይ ወረደ። «ከሁለት ሳምንት ወዲህ እማ ብሎ አልጠራኝም ታታ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፣ ምንም የለበትም አሉኝ። ፀጉር ልሠራ የመጣሁ መሰለዎት? ፀጉር ገደል ይግባ! ዶሲ ነኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ ብለዋል። እርስዎ እንደፈቀዱት እርስዎ ይመልሱልኝ።»

እውነት አላት። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ አልኩ። ሱቄን እንኳ ሳልዘጋ፣ እሷም በግማሽ ሹሩባ፣ ሞተር ታክሲ ላይ ወጣን። ልጁን በመሃላችን አደረግነው። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎን ሁለት ሆነን ገፍተን ነው ያስቀመጥነው። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ራሱ ደረቴን ይመታኛል፤ ያመኛል፣ እሱ ግን ኡፍ አይልም። ፀሐዩ ቦግ ብሏል፣ ሰዉ ይገበያያል፣ እኔ ብቻ የደረቀ ልጅ አጥብቄ ይዣለሁ።

ቤቷ አክፓክፓ ሰፈር ነው። መኝታ ቤቱ ጽድት ያለ፣ መስኮቱ የተከፈተ። ሁዌፋ ቁም ሣጥኑን በጣቷ አሳየችኝና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እኔ አልከፍተውም» አለች።

ከፈትኩት። የታጠፈ ልብስ ሽታ ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ግን የልጅ ሽታ ነው፤ ሲሮጥ ውሎ አሁን የገባ፣ ላብ ላብ የሚል ልጅ። ከልብሶቹ ሥር በፎጣ የተጠቀለለውን አወጣሁት። ይሞቃል። ፎጣውን ገለጥኩ። እንጨት ነው፤ ስንዝር የሚያክል፣ ዐይኑ የተቀረጸ፣ እጆቹ ጎኑ ላይ የተለጠፉ እንጨት። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጉንጩን በጣቴ ነካሁት፤ ረገብ አለልኝ።

ልጥለው ነበር። ማርያምን አልዋሽም፣ ወርውሬው ልሮጥ ነበር። ያቆመኝ ሁዌፋ ናት፤ በሩ ላይ ያንን የደረቀ ልጇን ታቅፋ በዐይኗ ስትለምነኝ።

«ውሃ አምጪ» አልኳት። «ጥቁር ሳሙናም። ቦሎቄ አለሽ?»

«የትናንት አለ።»

«አሙቂና ቀይ የዘንባባ ዘይት አድርጊበት። በሁለት ሳህን!»

ሳፋው ውስጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሕይወቴ ስስቅበት የኖርኩትን ስም የዚያን ቀን የምሬን አነሳሁት።

«ዚንሱ» አልኩ፤ «እኔ ዶሲ ነኝ። ዝምተኛው ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናትህ አይደለችም። ለቀልድ ብዬ ነው፤ የሰው ሳቅ አታልሎኝ ነው። ቃሌን አንስቻለሁ። ወንድምህን ልቀቀው።»

መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥዬ ልጁን፣ በአንድ ውሃና በአንድ ሳሙና አጠብኳቸው። እንጨቱ ከእጄ ሥር ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፣ ጠነከረ፤ እንጨት ሆነ። ልጁ ግን ይለሰልስ ጀመር። መስመሮቹ አንድ በአንድ ገጠሙ። ቅቤ ስቀባው ቆዳው አበራ። ጉልበቱ ታጠፈ። አስነጠሰ፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ እሪ ብሎ አለቀሰ።

«እማ!»

ሁዌፋ እርጥብ ገላውን አቅፋ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔም እልል አልኩ፤ እንባዬ እየወረደ እልል አልኩ። «ተመለሰልሽ! እሰይ፣ ተመለሰልሽ!»

ሁለቱን ሳህን ወለሉ ላይ አቀረብን። አንዱን ለልጁ፣ አንዱን ለእንጨቱ፤ ማንኪያዎቹን በየቀኛቸው። ልጁ ርቦታል። ማንኪያውን አንስቶ መብላት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት። አንዲት ፍሬ ቦሎቄ አላንጠባጠበም።

በቀኝ እጁ ነበር የሚበላው።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል ግን ሁዌፋም እያየችው ነው።

«ሳግቦ» አልኩት። ዞር አላለም። «ሳግቦ፣ የኔ ጌታ!» ቀና ብሎ ጨዋ ፈገግታ ፈገግ አለልኝና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። ዝምተኛ ልጅ ነው።

ሌላ ቃል እንዳለኝ፣ ሌላ የማነሳው ነገር እንዳለ ፈለግሁ፤ ምንም አልነበረኝም። ልቀቀው ነው ያልኩት፤ መንገዱን አሳይቼው ዚንሱ ራሱ መጣ።

አፌ መቼ ያርፋል፣ ደርሶ «ፀጉርሽን ልጨርስልሽ?» አልኳት።

«አሁን ጊዜ የለኝም ታታ» አለችኝ። «ሁለት ልጅ ነው የማበላው።»

እጇን ዘርግታ የልጁን ራስ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እንጨቱ ዞረች። በሳህኑ ቀኝ በኩል የነበረውን ማንኪያ አነሳችና በግራው በኩል አስቀመጠችለት።

«ብላ ሳግቦዬ» አለችው። «ብትደፋውም አልቆጣህም።»