ጾመኛው የማይልከው መኪና

በአንድ የጭነት ድርጅት ስምሪት ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት የደንበኞችን ትእዛዝ ከኢሜይል ታወጣለች፤ ጭነቱን ከመኪና፣ መኪናውን ከሹፌር ታገናኛለች፤ ከዚያ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች። ከሹፌሮቹ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። አባታቸውም ሹፌር ነበር፤ ወጥቶ የቀረ። ስለዚህ የወንድሟ ተራ በደረሰ ቁጥር ሆዷ ይባባል። ግን አድልታለት አታውቅም። ሥራ ሥራ ነው ብላ ትልከዋለች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ይህን ሥራ ለሮቦት ፕሮግራም ሊሰጥ ወሰነ። ፕሮግራሙን የሚያስገባው ባለሙያ አጠገቧ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ የምትነካውን ሁሉ እንዲቀዳ አደረገ።

«እርስዎ የሚያደርጉትን ይደግማል፤ ሌላ ነገር አያውቅም» አላት።

ከዚያ በኋላ የእሷ ድርሻ ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ሆነ። ፕሮግራሙ ምሳ ስለማይወጣ ሹፌሮቹ «ጾመኛው» የሚል ስም አወጡለት። «ብድግ ብሎ ለአለቃ የሚሰግድበት ወገብ እንኳ የለው፤ እንዴት ሊያድግ ነው?» እያሉ ይስቃሉ።

መጀመሪያ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካት በስክሪኑ ላይ ትሮጣለች፤ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አንድ ረፋድ ግን የወንድሟ ታርጋ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ላክ» ላይ ሆና ተንቀጠቀጠች። ሴትዮዋም ሳይታወቃት ትንፋሿን ውጣ ቀርታለች። ቀስቷ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ወንድሟን ከሩቁ መንገድ አንስታ ከተማ ውስጥ ሲሚንቶ የሚያመላልስ መኪና ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንዲሁ ሆነ። ወንድሟ ቢታገሥ ቢታገሥ አልሆነለትም፤ የቢሮውን በር በርግዶ ገባ።

«እታለም፣ ምን በደልኩሽ? አበል ያለው ሩቅ መንገድ ላይ ነው። እስከ መቼ እንደ ጫጩት ታቅፈሽኝ ልትኖሪ ነው?»

«እኔ አይደለሁም። እሱ ነው» አለችና ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።

«ጾመኛው ዘመዴ ነው እንዴ?»



ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ፕሮግራሙን እያገላበጠ ሲመረምር ዋለ።

«ሹፌር ቀይር የሚል ነገር የለበትም» አለ በመጨረሻ። «እርስዎ ሲሠሩ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን።»

«አስበውስ?»

ጥያቄው ራሱን ያስደነገጠው ይመስል፣ መልሷን ሳይጠብቅ ላፕቶፑን ከደነ።

ጾመኛው ከእሷ ኮምፒውተር ተነሥቶ፣ የራሱ መኪኖችና የራሱ ሹፌሮች ወዳሉት ሌላ ቅርንጫፍ ተወሰደ። እሷም እንደ ድሮው በእጇ መላክ ጀመረች። የወንድሟ ተራ ሲደርስ ወደ ሩቁ መንገድ መደበችውና «ላክ»ን ተጫነች። ሆዷ ምንም አላለም። ከረጅም ሕመም የተነሣች ያህል ቀለላት።

በዚያው ሳምንት ወንድሟ ገደላማው መንገድ ላይ ሳለ ጭጋግ ወረደ፤ ስልኩም ጠፋ። እናታቸው ከበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ትላለች። እሷ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን ላጠች። ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛ ላጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሻል? ወንድምሽ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

ማወቁንማ ታውቃለች። መኪናው ገደል ውስጥ ተገልብጦ ሊታያት ሞከረች። አባቷን አስታወሰች። ሁለቱም ስለማታውቀው ሰው የሰማችው ወሬ መሰሏት። ያኔ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ራሷን ትዳብስ ጀመር።

በማግስቱ ወንድሟ ደወለ። ጭጋጉ እስኪገለጥ መኪናውን ዳር አስይዞ ማደሩን ተናገረ። እናታቸው ስልኩን እያገላበጠች ሳመችው። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያው ደወለ።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጾመኛው ትናንት ከሰዓት ቀጥ አለብን። አጠፋነው፣ አበራነው፤ አንድም መኪና አልልክ አለ። ቀስቷ ብቻ ‹ላክ› ላይ ሆና ስትንቀጠቀጥ አደረች። አሁን በራሱ ጊዜ ሥራ ጀመረ። ወንድምዎ ደህና ነው?»

«አሁን ገና ደወለልን» አለች።



ዝውውር ጠየቀች። እናቷ «ምን ጎድሎብሽ ነው ቤትሽን ጥለሽ የምትሄጂው?» ብትላት፣ የጎደላትን ብትነግራትም የምታምናት ስላልመሰላት ሻንጣዋን ዘጋች። አሁን እዚያ ቅርንጫፍ ከጾመኛው አጠገብ ወንበር ሰጥተዋታል። ወንድሟ ሩቅ መንገድ በወጣ ቀን ቀስቷ መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ወንበሯን ታስጠጋለች፤ መዳፏን ስክሪኑ ላይ ታሳርፍና፣ ሌሎቹ ሠራተኞች እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞህ፣ ይገባል» ትለዋለች።