በእናትዓለም ደጅ

«የሰላም አምባሳደር» ብለው በትልቅ ባነር ጻፉላት። ፎቶዋንም ለጠፉበት። ወይ ጉድ! እናትዓለም እንደዚያ ስቃ አታውቅም፤ ጥርሷን ምን እንዳደረጉት እንጃ። ከቢሮ የመጣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ማይክ ጨብጦ ስለ «ማኅበረሰብ አቀፍ የሰላም ግንባታ» ሲያወራ፣ እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ አጉረመርም ነበር። የአርባዋ ቀን ነው እንጂ ተነሥቼ ማይኩን እነጥቀው ነበር። እሷ ማይክ ይዛ አታውቅም። እሷ መሬት ላይ ነበር የምትቀመጥ።

ሥራዋ ይኸ ነበር። ሰው ተገድሎ የሟች ወገን ደም ሊመልስ ሲነሣ፣ እናትዓለም የሟች ቤት ደጅ ትሄድና ነጠላዋን በሩ ላይ አንጥፋ አፈር ላይ ቁጭ ትላለች። አትሰብክ፣ አትቆጣ፣ እህል አትቀምስ። የእናት ነጠላ ረግጦ፣ መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ወንድ ደግሞ በእኛ አገር ርጉም ነው። በሩ ሲከፈትላት የገዳይ አባት ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይገባል። የሟች ወገን ድንጋዩን በገዛ እጁ አውርዶ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ፣ ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ፍርድ ቤት የራሱን ይፈርዳል፤ እሱ ሌላ ነው።

የእኔም ደጅ ተቀምጣለች። የበኩር ልጄን ፍሬ ስብሐትን፣ ክንዱ የሚባል ጎረምሳ በጠብ መኻል በቢላዋ ወግቶ ገደለብኝ። ከሐይቁ ዳር፣ ዓሣ በማጸዳበት ቦታ፣ ዓይኔ እያየ። ታናሹ ልጄ እኔው በምሠራበት ቢላዋ ሊበቀል ሲነሣ እናትዓለም መጥታ ተቀመጠች። የዓሣ እጣቢ ደፋሁባት። ነጠላዋን ጨምቃ መልሳ አነጠፈችው፤ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ምን ላድርግ? ከፈትሁላት። ድንጋዩን አወረድሁ። ክንዱም እስሩን ጨርሶ ወጣና ጀልባ ነጂ ሆነ።

እሷን የገደላት ጥይት ለእሷ የተተኮሰ አልነበረም። ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ በኩል፣ ሁለት ቤተሰብ በእርሻ ወሰን ሲጣላ፣ የመኪናው መንገድ በጦርነቱ ስለተዘጋ በጀልባ ተሻግራ ሄደች። መኻላቸው ገባች። የአንደኛው ወገን፣ የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ፣ በሌላ ሰው ላይ የተኮሰው እሷን አገኛት። ልጁ ታሰረ። ሬሳዋን ያመጣው ክንዱ ነው፤ ያን ቀን ሐይቁን ልሻገር ያለ ሌላ ጀልባ አልነበረም።

የእሷ ልጅ ሕዝቅኤል ኮሌጅ ያስተምራል። መነጽር ያደረገ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ዝምተኛ ነበር። ከቀብሯ ወዲህ ጢሙን አልተላጨም፤ ሽጉጥ መግዛቱንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መሪጌታ ሌላ ልጅ አላቸው፤ ዲያቆን ነው። ሕዝቅኤል ለእናቱ ደም የሚፈልገው እሱን ነበር።

እንግዲህ የአርባው እንግዳ ወጥቶ፣ ድንኳኑ መፈታት ሲጀምር፣ የእድሩ ዳኛ ጎተት አደረገኝ።

«ውዴ፣ መሪጌታ መጥተዋል። ከታች፣ ከውኃው ዳር ቆመዋል። ድንጋዩ ስለከበዳቸው ዲያቆኑ ደግፏቸው ነው የመጣ።»

«ዲያቆኑን ይዘው? አብደዋል እንዴ ሽማግሌው?»

«ሕዝቅኤል ሰምቷል። ደጅ የሚቀመጥ ሰው እንፈልጋለን። እናት መሆን አለባት።»

«እኔን እንዳትለኝ!»

«አንቺን ነው እንጂ። ከእኛ መኻል በሩን ከውስጥ ሆኖ የከፈተ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ረገምሁት። የእድሩን ዳኛ ከነእድሩ ረገምሁት። ከዚያ ወጥቼ የእናትዓለም ግቢ የብረት በር ላይ ነጠላዬን አነጠፍሁና ተቀመጥሁ። ነጠላዬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አፈሩ ቀዝቃዛ ነው። እናትዓለም ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ ቅዝቃዜ ላይ እንዴት እንደቻለችው፣ እሷን ነበር መጠየቅ። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ሕዝቅኤል ከግቢው ውስጥ መጣ። ጃኬቱ በወገቡ በኩል አብጧል። ነጠላው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እማማ ውዴ፣ ያሳልፉኝ።»

«እግር የለህም? ርገጠውና እለፍ!»

ጫማውን አነሣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አነሣ። እግሩን አየር ላይ አቆየና መልሶ ነጠላው አጠገብ አኖረው። ከዚያ እዚያው በሩን ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ። እህቱ መቅደላዊት ከኋላው ወጣች። እሷ አታለቅስም፤ ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«እትዬ ውዴ ይነሡ። እማዬን የገደላት እኮ ይኸው ነው። ነጠላ ማንጠፍ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይዋሹኝ። ያኔ ድንጋዩን ሲያወርዱ፣ ቂሙ ወጣልዎ?»

መዋሸት እችል ነበር። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ቢሆን በማይክ ይዋሽላት ነበር።

«አልወጣልኝም» አልኋት።

«አየሁዋ! ክንዱን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። በእሱ ጀልባ የመጣ ዓሣ አይነኩም። ሰላም ሲልዎ ምራቅዎን ይተፋሉ። ታዲያ እኛን ምን ሊሉን ነው የመጡ?»

በበሩ ክፍተት ወደ ግቢው አየሁ። ታናሹ ልጄ የድንኳኑን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ከአንዱ ልጅ ጋር ይሳሳቃል። በሰው ለቅሶ የሚስቅ ባለጌ!

«ያን አየሽው?» አልኋት። «እሱ ይሄኔ ወይ አፈር ውስጥ ነበር ወይ ወህኒ ነበር። እናትሽ የሰጠችኝ እሱን ነው። ሌላ ምንም አልሰጠችኝም። ሰላም አልሰጠችኝም፣ እንቅልፍ አልሰጠችኝም። አንቺም ሌላ አታገኚም። ይኸ የሚያለቅሰው ወንድምሽ ይቀርልሻል፤ በቃ።»

መቅደላዊት ወንድሟን አየችው።

«እንግዲያው ክንዱን ይጥሩት» አለች። «መሪጌታን ያሻገረ እሱ ነው፤ ከታች አለ። እዚሁ ፊቴ፣ እጁን ይዘው ይነሡ። እርስዎ ያልቻሉትን እኔ ወንድሜን ቻል አልለውም።»

አይ እናትዓለም! ልጅሽ አንቺኑ ናት። ያን ስም ከፍሬ ስብሐት ቀብር ወዲህ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። የሕዝቅኤል እጅ ወደ ወገቡ ሄዶ ነበር፤ ከታች መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው፣ ዲያቆኑ ከጎናቸው፣ ቁልቁለቱን ሲወጡ ይታያሉ። ቀርበዋል።

«ክንዱ!» አልሁ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

እየሮጠ መጣ። ፊቴ ሲደርስ ቆሞ መሬት መሬት አየ። እጁን ዘረጋ። ያው እጅ ነው፤ አልተለወጠም። መቁረጥ ቢቻል ከክርኑ በቆረጥሁት።

«እናቴ…» አለ።

«እናትህ አይደለሁም። አንሣኝ።»

ያዝሁት። ሞቃት ነበር። የልጄ እጅ ሲቀዘቅዝ ይዤው ስለነበር የዚህ ሙቀት አንገበገበኝ፤ ጮኼ ልለቀው ነበር። አለቀቅሁም። ጉልበቴ ሲንቋቋ ጎትቶ አቆመኝ፤ እንባው እጄ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

መቅደላዊት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ነጠላውን እሷው ራሷ አነሣችው። መሪጌታ ድንጋዩን በማጅራታቸው ተሸክመው ገቡና በጉልበታቸው ወደቁ። ሕዝቅኤል ዲያቆኑን አየው፣ ሽማግሌውን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አወረደ። «ይቅር» አለ፤ ቀሪው አልወጣ አለው። «ለእግዚአብሔር» ብላ እህቱ ጨረሰችለት። ሽጉጡን ከወገቡ አውጥታ በነጠላዬ ጠቀለለችው። እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ። የታረቁት እንኳ አንዱ የአንዱን ፊት አላዩም። ደልጊ ላይ ደግሞ ያ የወሰን ጠብ ዛሬም አልበረደም፤ በማግስቱ ሌላ ሰው ሞተ።

በነጠላዬ ፈንታ መቅደላዊት የእናቷን ነጠላ አለበሰችኝ። ወደ ሐይቁ ስወርድ ክንዱ ከኋላዬ ይመጣል፤ ጀልባው እዚያው ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ፍሬ ስብሐት የወደቀበት ቦታ ስደርስ ቆምሁ። እሱም ራቅ ብሎ ቆመ።

«ምን ይገትርሃል?» አልሁት። «ነገ ዓሣህን ቀድመህ አምጣ። ከረፈደ አልነካውም።»