ውሃው ተመለሰ

ቶኮዛ ውስጥ የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ አንድ ጩኸት ይጠብቃል። ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ሴት «አማንዚ አቡዪሌ!» ብላ ስትጣራ ባልዲ ከየደጁ ይንጋጋል፤ የተኳረፈው ሁሉ ይሳሳቃል። ውሃው ተመለሰ ማለት ነው። ስደተኞቹ ማናሴና ሽጉጤ ስፓዛ ከሚባለው የሰፈር ሱቃቸው ፍርግርግ ኋላ ቆመው ከለቃቀሙት ጥቂት የዙሉ ቋንቋ ያለ ስጋት የሚሰሙት ይህን ብቻ ነበር። የቀረው የሱቅ ቋንቋ ነው፤ ዳቦ፣ ዱቤ፣ ነገ ተመለስ። በመጨረሻም ውጡልን።

ሱቁን «የውጭ ሰው ይውጣ» ባይ ሰልፈኛ ዘጋው። ሁለቱ ባልንጀሮች ሮዘተንቪል በሚገኘው የሽጉጤ ቤት፣ የሚስቱን የኤርጎጌን ዓይን እየሸሹ፣ ተጎልተው ከረሙ። ነሐሴ ሲገባ ጀፕስታውን ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ለፍልሰታ ጾመኞች አሳ አጥተው መቸገራቸውን ማናሴ ሰማ፤ በውስጡም ሞቷል ያለው ነገር ተላወሰ። በጫሞ ሐይቅ ዳር ተወልዶ በመረብ ያደገ ሰው ነው።

«ባሕር ማለት ጫሞ ነው፤ ጨው ተጨምሮበት» አለ።

«እኔ ደገኛ ነኝ፤ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሰፋ ውሃ አላውቅም» አለ ሽጉጤ።

ኤርጎጌ አልሳቀችም። «ማናሴ፣ ይህ ሰው ዋና አይችልም።»

«ከጉልበቱ በላይ አላስገባውም፣ እህቴ። በጌታ ስም።»

በተዋሱት ባኪ፣ ኋላው ክፍት በሆነ የጭነት መኪና፣ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ወረዱ። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ማለዳ ሲደርሱ፣ ውሃው ከዳርቻው ርቆ ሸሽቶ ሰፊ የአሸዋ ጀርባ ተጋልጦ ነበር። ማናሴ ቆሞ መረመረ። አባቱ እንዳስተማረው በመጀመሪያ አዞ ፈለገ፤ የለም። ጉማሬ ፈለገ፤ የለም። ከዚያ ሰማዩን አየ። የዚህ አገር ክረምት ስሙ ብቻ ክረምት ነው፤ ዝናብ የማያውቅ ደረቅ ብርድ። ደመና በሌለበት ሐይቅ አይሞላም፤ እንግዲህ ውሃው ባለበት ይቆያል። ከልጅነቱ ጀምሮ አንድም ቀን ያልከዳው ዕውቀት ይኸው ነበርና ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረውም።

ቁርጭምጭሚት በማይሸፍን ውሃ ተሻግረው አሸዋው ጫፍ ላይ መረቡን ዘረጉ። ሽጉጤ ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ፣ የተቆራረጠ መዝሙር ያዜማል። አሳው ገባ። የነጣ ሆዱ በጥልፍልፉ ውስጥ ሲገለባበጥ ማናሴ የገዛ ሳቁን ሰማ፤ የሌላ ሰው ሳቅ መሰለው።

በዳርቻው ጭቃ ስትቆፍር የነበረች አንዲት አሮጊት ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ከፍታው ስትወጣ ድንገት ዘወር አለች። እጇን እያወናጨፈች ጮኸች።

«አማንዚ አያቡያ! አማንዚ አያቡያ!»

ሁለቱ ተያዩና በሳቅ ፈነዱ።

«ሰማህ ካፒቴን? ውሃ መጣ ትለናለች!» አለ ሽጉጤ። «ባሕር መሃል ተገትረን!»

«ወረፋ ያዢልን በላት።»

«ሲያቦንጋ፣ ጎጎ!» ሲል ሽጉጤ አያቴ ብሎ ምስጋናውን ላከላት። አሮጊቷ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ይህንንም እንደ ቀልድ ወሰዱት።

ጩኸቷ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ለማናሴ የገባው ዘወር ብሎ ኋላውን ሲያይ ነው። የተሻገሩበት ቀጭን ውሃ ወንዝ ሆኗል። ዝናብ አልዘነበም፣ ነፋስ አልነፈሰም፤ ውሃው ግን ከሥራ እንደሚመለስ አባወራ፣ ያለ ድምፅ፣ ወደ ቤቱ እየገባ ነበር።

«መረቡን ልቀቅ! ሽጉጤ፣ ልቀቅ!»

«አሳውስ?»

«ልቀቅ አልኩህ!»

ገመዱ ረጥቦ ክንዱ ላይ ጠብቋል፤ የደነዘዙ ጣቶች አይፈቱትም። ማናሴ በጥርሱ ታገለው። ውሃው ከጉልበት አለፈ፤ ከወገብ አለፈ። ሞገዱ መረቡን ከነአሳው ሲጎትት ሽጉጤ ወደቀ፤ ተነሣ። «ማናሴ፣ ያዘኝ» አለ፤ እንደሚለምን ሳይሆን እንደሚያምን ሰው። ማናሴ እስከ አንገቱ ሰምጦ ይዞት ነበር። ይዞት ነበር። ከዚያ እጁ ውስጥ የቀረው የሱፍ ኮፍያ ብቻ ሆነ።

አመሻሽ ላይ ባሕሩ እንደገና ሲሸሽ ሽጉጤን እዚያው አሸዋ ላይ ትቶት ሄደ። ገመዱ ከክንዱ አልተፈታም።

መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በአንድነት ማንኳኳት ነበረባቸው። ማናሴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም ወሬው በስልክ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲዘዋወር ኤርጎጌ ጆሮ ሳይደርስ መቅደም አለበት፤ ቃል የገባላት እሱ ነው። በማግስቱ ረፋድ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ሮዘተንቪል ደረሰ። መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስለው የመጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ምላሱ ላይ ነበር። ሊያንኳኳ እጁን አነሣ።

በዚህ ቅጽበት ከመንገዱ ጫፍ ጩኸት ተነሣ።

«አማንዚ አቡዪሌ!»

ማናሴ ጆሮውን በሁለት መዳፉ ደፈነ። በሮች ተበረገዱ፤ ልጆች ጨፈሩ። ኤርጎጌ ሁለት ባልዲ አንጠልጥላ እየሳቀች ብቅ አለች።

«ማናሴ! እናንተም መጣችሁ፣ ውሃውም ተመለሰ! እሱስ? መኪና ውስጥ ተኝቷል? ቀስቅሰው እንጂ፣ ባልዲ ይያዝልኝ!»

ያሰላሰለውን ዓረፍተ ነገር ሊጀምር አፉን ከፈተ። እሷ ግን ማየት ጀምራ ነበር። ሱሪው ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አየች። ዓይኗ ከጉልበቱ ተነሥቶ ወገቡን፣ ደረቱን አልፎ ወጣ፤ ነጩ መስመር ባበቃበት የጃኬቱ ኮሌታ ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጨው ነው፣ እህቴ።»

ጣቷን ሰድዳ ኮሌታውን ነካች። እጇን መልሳ ቃል ወደ ተገባላት ልክ፣ ወደ ገዛ ጉልበቷ አወረደችው፤ እዚያው እንደ ያዘችም ቁልቁል ተቀመጠች። ባልዲዎቹ ተንከባለሉ። ከኋላዋ፣ በባዶው ቤት ውስጥ፣ ሳይዘጋ የተረሳው ቧንቧ ማጓራት ጀመረ፤ ውሃው እየገፋ መጣ፤ የሚዘጋውም አልነበረም።