የእትዬ ፈጠነች ማግኒፊሰንስ

እየሩስ መምህርት ለመሆን የቀራት አርባ ደቂቃ ብቻ ነበር። ሶዶ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል አስገብቶ ሊፈትናት ነው። የደረሳት ርዕስ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር፤ «ማግኒፊሰንስ»። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጋ ላጣች ልጅ ይቺ ክፍለ ጊዜ ቀልድ አልነበረችም።

ቃሉን በትልቁ ጻፈች። «ግርማ፣ ታላቅነት፣ አፍ የሚያስከፍት ነገር» ብላ ተረጎመችና የቤተ መንግሥት ሥዕል ለጠፈች።

«ገባችሁ?»

«የስ፣ ቲቸር!» አሉ በአንድ ድምፅ። ተማሪ እንዲህ የሚጮኸው ምንም ሳይገባው ሲቀር መሆኑን እሷም ከዚያው ወንበር ላይ ተምራዋለች።

«እስቲ ምሳሌ ስጡኝ።»

ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ከኋላ የተቀመጡት ፈታኙ አቶ ሰብስቤ ሰዓታቸውን አዩ።

«ቲቸር፣ እኛ ቤተ መንግሥት አይተን አናውቅም» አለች ሔርሜላ የምትባል ተማሪ።

እውነቷን ነው! እየሩስስ መቼ አየች? ሥዕሉን አነሳችው።

«ጊፋታ ደርሶ ቅቤ የሌለው ቤት ታውቃላችሁ?»

ክፍሉ ነቃ። ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ እንደሚያጠራቅሙ የማያውቅ የወላይታ ልጅ የለም። ቅቤ ያላጠራቀመች እናት በበዓሉ ቀን ለልጆቿ በቅቤ የሚበላውን የእንሰት ምግብ፣ ሙቿውን፣ ደረቁን ታቀርባለች።

«የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞተ» አለች እየሩስ። «እናቴ የቅቤ እቁቧን አቋረጠች። በጊፋታ ዋዜማ የእቁቡ ዳኛ እትዬ ፈጠነች ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው መጡ። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ‹አንቺ ዝንጉ፣ ድርሻሽን ትተሽ ሄድሽ!› ብለው እናቴን ተቆጧት። እናቴ ድርሻ አልነበራትም። ኋላ ልጃቸው ሃይሚ እንደነገረችኝ፣ ያን ዓመት ሙቿው በደረቁ የተበላው እነሱ ቤት ነው።»

ጥቁር ሰሌዳውን መታ መታ አደረገች። «ማግኒፊሰንስ ማለት ይሄ ነው። በሉ አሁን የራሳችሁን ንገሩኝ።»

እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። ሔርሜላ የሦስት ወላጅ አልባ ልጆች እናት ስለሆነችው አክስቷ በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሠራች። ደወሉ ሲደወል የሚወጣ ተማሪ ጠፋ። አቶ ሰብስቤ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ሰኞ ትጀምሪያለሽ» አሏት።

እየሩስ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ባጃጅ ይዛ በቀጥታ እትዬ ፈጠነች ዘንድ ሄደች፤ ጉልበታቸውን ስማም አልጠግብ አለች። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዷ የያዘችው ምስጋና ነበር።

«ሥራ ያገኘሁት በእርስዎ ቅቤ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!»

«በምን ቅቤ?»

«ያኔ አባቴ በሞተ ዓመት ያመጡልን።»

አሮጊቷ ኮስተር አሉ። በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤታቸው ወለተጊዮርጊስ ደጅ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። እትዬ ፈጠነች ለእሷም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የእናትሽ ድርሻ ነዋ! ረስታው ሄዳ እኮ ነው።»